ከመርሳ ባህር ዳር የሚሄድ ሰው አባይን ሳይሻገር አይደርስም፦ ስለ ድልድዩና ከሥሩ ስለሚያልፈው ውሃ

ከመርሳ ተነስቶ ባህር ዳር የሚሄድ ሰው ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው በወልድያ ወጥቶ፣ በድልብ ዳገቱን ጨርሶ፣ ጋሸና፣ ነፋስ መውጫ፣ ደብረ ታቦር፣ ወረታ እያለ መግባት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዙሪያ ጥምጥም ነው። በደሴ አዲስ አበባ ወርዶ፣ ከዚያ በደጀንና በደብረ ማርቆስ አድርጎ መውጣት። ባለፉት ዓመታት መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ብዙ ሰው ይህን ረጅሙን መንገድ ለምዶታል።

በየትኛውም ይሁን፣ አንድ ነገር አይቀርም። አባይን አንድ ጊዜ መሻገር ግድ ነው። በወረታ የመጣ ሰው ባህር ዳር መግቢያ ላይ ይሻገረዋል፤ በአዲስ አበባ የዞረ ደግሞ ጎሐ ጽዮንና ደጀን መሃል ባለው በረሃ ውስጥ ይሻገረዋል። ምክንያቱ የወንዙ አካሄድ ነው። አባይ ከጣና ሲወጣ በቀጥታ ወደ ሱዳን አይሄድም። መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ቀጥሎ ወደ ደቡብ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ ይዞርና ጎጃምን እንደ ቀለበት ይከብበዋል። ጣናን በምዕራብ በኩል ዞሬ እገባለሁ የሚል ካልሆነ በቀር፣ ከወሎ ጎጃም የሚገባ ሁሉ ይህን ቀለበት መቁረጥ አለበት።

ስለዚህ የባህር ዳሩ የአባይ ድልድይ ለባህር ዳር ሰው ብቻ የተሠራ አይደለም። ክልል ቢሮ ጉዳይ ያለው፣ ልጁን ዩኒቨርሲቲ የሚያደርስ፣ እቃ የጫነ ሹፌር፣ ሪፈር የተጻፈለት ታማሚ፣ ሁሉም ያልፍበታል። ዛሬ ስለዚህ ድልድይና ከሥሩ ስለሚያልፈው ውሃ እንነጋገር።

አዲሱ ድልድይ በቁጥር

አዲሱ የአባይ ድልድይ ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ በተገኙበት ተመረቀ። ርዝመቱ 380 ሜትር ነው። ወርዱ ደግሞ 43 ሜትር ነው፤ ለማነጻጸር ያህል፣ አንድ መደበኛ የኳስ ሜዳ በወርዱ ከ64 እስከ 75 ሜትር ነው። ማለትም ድልድዩ ከኳስ ሜዳ ወርድ ግማሽ በላይ ይሰፋል። ሦስት መኪና በአንድ አቅጣጫ፣ ሦስት መኪና በሌላው አቅጣጫ ጎን ለጎን ያስኬዳል። ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መተላለፊያም አለው። ባህር ዳር የብስክሌት ከተማ ናትና ይህ እንደ ቅንጦት የሚታይ ነገር አይደለም።

ግንባታውን የሠራው የቻይናው ኮሙኒኬሽንስ ኮንስትራክሽን ኩባንያ ነው። የማማከሩን ሥራ የቱርኩ ቦቴክ ከአገር ውስጡ ስታዲያ ጋር ሆነው ሠሩት። ወጪው ወደ 1.4 ቢሊዮን ብር ነው። ሥራው አምስት ዓመት ገደማ ወሰደ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ኮሮናም ነበር፣ ጦርነትም ነበር።

ከአዲሱ ጎን ያለው አሮጌው ድልድይ በንጉሡ ዘመን የተሠራና ከ60 ዓመት በላይ ያገለገለ ነው። ያኔ ባህር ዳር ትንሽ ከተማ ነበረች። ድልድዩ ሁለት መኪና ብቻ ነው የሚያስተላልፈው፣ አንዱ ሲሄድ አንዱ ሲመጣ። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ የክልል መቀመጫ ሆነች፣ «አባይ ማዶ» የሚባለው ሰፈር ከወንዙ ወዲያ ተስፋፋ፣ ከጎንደርና ከደብረ ታቦር የሚመጣው ከባድ መኪና ሁሉ በዚያችው ጠባብ መተላለፊያ ላይ ተደረበ። አንድ መኪና መሃል ላይ ቢበላሽ ከተማው ለሁለት ይከፈል ነበር።

ይህ ተራ የትራፊክ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን፣ የከተማዋ ሁለቱ ትልልቅ ሆስፒታሎች፣ ያሉት ከወንዙ ወዲህ፣ በጎጃም በኩል ነው። አየር ማረፊያውም እንዲሁ። ከደቡብ ጎንደር ወይም ከእኛ አካባቢ በዚያ መስመር የሚመጣ አምቡላንስ ድልድዩን ካላለፈ ሆስፒታል አልደረሰም ማለት ነው። አንድ ከተማ አንድ ድልድይ ብቻ ሲኖራት፣ ያ ድልድይ የጉሮሮ ያህል ነው።

እነዚያ ገመዶች ምን ይሠራሉ?

በፎቶ ያያችሁት ሁሉ መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው ከማማዎቹ ወደ ታች በተዘረጉት ገመዶች ላይ ነው። ብዙ ሰው «ድልድዩ በገመድ የተንጠለጠለ ነው» ይላል። ሙሉ በሙሉ እንደዚያ አይደለም።

የዚህ ዓይነቱን ድልድይ መሐንዲሶች «ኤክስትራዶዝድ» ይሉታል። በተራ የኮንክሪት ድልድይና ሙሉ በሙሉ ገመድ በሚሸከመው ድልድይ መሃል ያለ ነው። ለመረዳት አንድ ቀላል ነገር ሞክሩ። ስድስት ሰባት ደብተር ጎን ለጎን አቁማችሁ፣ በሁለት እጃችሁ ከግራና ከቀኝ አጥብቃችሁ ተጭናችሁ አንሡ። ምንም ማጣበቂያ ሳይኖር አብረው ይነሳሉ። እጃችሁን ስታላሉት ደግሞ መሃሉ ረግፎ ይወድቃል።

ኮንክሪትም እንደዚያ ነው። ሲጫኑት ብርቱ ነው፣ ሲስቡት ግን ደካማ ነው፣ ይሰነጠቃል። ድልድይ ላይ መኪና ሲወጣ ወለሉ ለመጉበጥ ይሞክራል፤ ሲጎብጥ አንዱ ፊቱ ይጨመቃል፣ ሌላው ፊቱ ይሳባል። ስንጥቅ የሚጀምረው በሚሳበው በኩል ነው። ስለዚህ በውስጡ የብረት ገመድ አስገብተው፣ ገመዱን በኃይል ወጥረው ያስሩታል። ገመዱ ኮንክሪቱን እንደ እጃችሁ ከሁለት በኩል ይጨምቀዋል። የመኪናው ክብደት ሲመጣ፣ መጀመሪያ ያንን ጭመቃ ማላላት አለበት እንጂ ወዲያው አይሰነጥቀውም።

በኤክስትራዶዝድ ድልድይ ከእነዚህ ገመዶች ከፊሎቹ ከኮንክሪቱ ወጥተው፣ በአጫጭር ማማዎች ላይ አልፈው ተመልሰው ይገባሉ። ማማዎቹ አጭር ስለሆኑ ገመዱ ጋደል ያለ ነው፤ ወለሉን ወደ ላይ ከማንሳት ይልቅ ወደ ማማው በጎን መጫኑ ይበልጣል። ትልቁን ሸክም የሚሸከመው አሁንም ወለሉ ራሱ ነው፤ ገመዱ ያግዘዋል። ጥቅሙ ምንድን ነው ብትሉ፣ ወለሉ ያለ ልክ ሳይወፍር በምሰሶዎች መሃል ሰፊ ክፍተት መተው ይቻላል። ወንዝ ውስጥ የሚተከለው ምሰሶ ቁጥር ይቀንሳል ማለት ነው።

አገራችን ይህን ዓይነት ድልድይ ስታይ የመጀመሪያዋ አይደለም። በአባይ በረሃ ያለው፣ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው 303 ሜትሩ የሕዳሴ ድልድይም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ከላይ ያልናቸው ሁለቱም መንገዶች በአንድ ዓይነት ድልድይ አባይን ይሻገራሉ።

ከዚህ በፊትስ አባይ እንዴት ይሻገሩ ነበር?

በአባይ ላይ ድልድይ መሥራት የተጀመረው ዛሬ አይደለም። ከባህር ዳር ወደ 30 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ፣ አላታ የሚባለው የድንጋይ ድልድይ አለ። ሰዉ «የፖርቹጋሎች ድልድይ» ይለዋል። የተሠራው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1626 አካባቢ ነው። ፏፏቴውን ለማየት የሚሄድ እንግዳም፣ ገበያ የሚሄድ ገበሬም እስከ ዛሬ በእግሩ ያልፍበታል። አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው።

ከእሱም ወደ ታች፣ ሞጣ አካባቢ፣ ጎጃምን ከጎንደር የሚያገናኘው ሌላ ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ ስሙ «ሰባራ ድልድይ» ነው። ስሙ ታሪኩን ይናገራል። በጣልያን ወረራ ዘመን መሃሉ ፈረሰ፤ ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሰው በገመድ ታስሮ፣ ከዚያ ማዶና ከዚህ ማዶ በቆሙ ሰዎች እየተጎተተ በክፍተቱ ላይ ይሻገር ነበር። ከሥር ገደሉና ውሃው ነው። ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ ይህን በፎቶ አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ከሌሎች ጋር ክፍተቱን በብረት አስጠገነ። በ2005 ጎርፍ ወሰደው። በ2009 ደግሞ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ትምህርት እንያዝ። ድልድይ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ከላይ በሚያልፈው ሳይሆን ከሥር በሚያልፈው ነው። ወደ ውሃው እንግባ።

ከድልድዩ ሥር ያለው ውሃ የዋህ የሆነው ለምንድን ነው?

የመርሳ ልጅ ወንዝ ሲባል የሚመጣለት ሌላ ነገር ነው። በበጋ ድንጋይና አሸዋ ብቻ የሆነ ሰፊ ሸለቆ፤ በክረምት ደግሞ ተራራው ላይ ዘንቦ፣ እዚህ ፀሐይ እያለ፣ ድንገት እያጓራ የሚመጣ ጎርፍ። ቋጥኝ ያንከባልላል፣ ዛፍ ይነቅላል፣ ሁለትና ሦስት ሰዓት ቆይቶ ይጎድላል።

ባህር ዳር ላይ አባይን ያየ ሰው ግን «ይሄ ነው እንዴ ያ ሁሉ ዘፈን?» ሊል ይችላል። ውሃው ዝግ ያለ ነው፣ ዳርና ዳሩ ደንገል ነው፣ አንዳንዴም ጉማሬ ብቅ ይላል። ምስጢሩ ጣና ነው። ጣና ወደ 3 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሸፍን፣ የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ግልገል አባይ፣ ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭ ክረምት ላይ ሞልተው ሲመጡ ሐይቁ ይቀበላቸዋል፣ አፈሩን ወደ ሥሩ ያዘቅጠዋል፣ ውሃውን ቀስ እያለ ይለቀዋል። እንደ ጎተራ ማለት ነው። እህሉ በአንድ ወቅት ይገባል፣ ዓመቱን ሙሉ ይበላል። የሐይቁ ከፍታ ጫፍ የሚደርሰው ሐምሌ ላይ ሳይሆን ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ መስከረምና ጥቅምት አካባቢ ነው።

ያ ደም የመሰለ፣ አፈር የተሸከመ አባይ የሚመጣው ከዚህ በታች ነው። ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር ደግሞ ይሄ ነው፦ ከጣና የሚወጣው ውሃ አባይ ሱዳን ድንበር ሲደርስ ከሚይዘው ከ10 በመቶ በታች ነው። የቀረውን የሚሞሉት በሽሎ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ዴዴሳ፣ ዳቡስ፣ በለስና ሌሎችም ናቸው።

በሽሎ ያልነው የእኛው የወሎ ነው። የደላንታ፣ የመቅደላ፣ የተንታ ዝናብ በበሽሎ ወርዶ ነው አባይ የሚገባው። ሰሜን ወሎ እንደውም የውሃ መለያያ ናት። ከወልድያ ወደ ጋሸና ስትወጡ ከፍታው ላይ የሚዘንበው ዝናብ ከፊሉ በሰሜን ወደ ተከዜ፣ ከፊሉ በደቡብ ወደ በሽሎና አባይ ይሄዳል። የመርሳና የሀብሩ ውሃ ግን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ቆላ ነው የሚወርደው፤ ባህር ሳይደርስ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የመርሳ ወንዝ ውሃ በባህር ዳር ድልድይ ሥር በፍጹም አያልፍም። የመርሳ ሰው ግን በላዩ ያልፋል።

ውሃውን ማን ያዝዘዋል?

አንድ ሌላ ነገር። በባህር ዳር የሚያልፈው ውሃ መጠኑ በተፈጥሮ ብቻ የሚወሰን አይደለም። የጣና መውጫ አካባቢ «ጨራ ጨራ» የሚባል የውሃ መቆጣጠሪያ አለ። በ1988 ዓ.ም. ገደማ በሁለት በር ሥራ ጀመረ፣ በ1993 አካባቢ አምስት በሮች ተጨመሩለት። የተሠራው በጢስ ዓባይ ላሉት የመብራት ማመንጫዎች ዓመቱን ሙሉ ውሃ እንዲደርስ ነው። የመጀመሪያው ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. የተጀመረ፣ 11.4 ሜጋዋት ነው፤ ሁለተኛው በ1993 የመጣ፣ 73 ሜጋዋት ገደማ ነው።

በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ጣና በለስ ተመረቀ፣ 460 ሜጋዋት። ይህ ውሃውን በአባይ በኩል አይጠብቅም። ከሐይቁ ምዕራብ በኩል ወደ 12 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ይለቀዋል። ስለዚህ ድሮ በባህር ዳር ድልድይ ሥር ያልፍ ከነበረው ውሃ ብዙው ዛሬ በሌላ በር ይወጣል። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ እንደ ድሮው የማይጨሰው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ፏፏቴውን አይቶ በመጣው ቱሪስት ይኖር የነበረው አስጎብኚና ነጋዴ ዋጋ ከፍሏል፤ በሌላ በኩል መብራት አግኝተናል። ሁለቱንም ነገር መናገር ተገቢ ነው።

ውሃው ግን አይጠፋም። በለስም ተመልሶ አባይ ይገባል። በድልድዩ ሥር ያለፈውም፣ በዋሻው የሄደውም፣ ከወሎ በበሽሎ የወረደውም ጉባ ላይ ይገናኛሉ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በሚይዘው የሕዳሴ ግድብ።

ለጎተራው ማን ያስብለት?

ጎተራው ራሱ ሰላም አይደለም። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ የጣናን ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ ወሮታል። ከላይ ከተራቆተው መሬት በየክረምቱ አፈር ይገባል። ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል፤ መዝገብ ብቻውን ግን አረም አይነቅልም። አሁን ድልድዩ ላይ ቆሞ ፎቶ የሚነሳው ወጣት ሁሉ ከኋላው የሚያስቀርጸው ውሃ ነው። ውሃው ከቆሸሸ ወይም ከጎደለ፣ የቀረው ኮንክሪት ነው።

ለእኛስ ምን ይጠቅመናል?

በ2013 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ በሽሬ መስመር ያለው የተከዜ ድልድይ ሲሰበር፣ እርዳታ የጫኑ መኪኖች መንገድ አጡ። ድልድይ ሲኖር ማንም አያየውም፤ ሲሰበር ነው የእህል፣ የመድኃኒትና የነፍስ ጉዳይ መሆኑ የሚታወቀው። እኛም ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወጣው ዋና መንገድ ላይ ያለን ሰዎች ነን። በየመንደሩ የምናልፋቸው ስም የለሽ ድልድዮች ከባህር ዳሩ ያነሰ ሥራ አይሠሩም።

ስለዚህ ሦስት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ከድልድይ ሥርና አጠገብ አሸዋና ድንጋይ ማውጣት። ምሰሶው የቆመው በዚያ አሸዋና ድንጋይ ተደግፎ ነው። ዛሬ አንድ መኪና አሸዋ ተሸጠ፣ ነገ ጎርፉ የተራቆተውን መሠረት አገኘው። ከባህር ዳር ይልቅ ለእኛ ዓይነቱ ደራሽ ውሃ ይህ በጣም አደገኛ ነው።

ሁለተኛ፣ ቦይና ቱቦ። ከመንገድ ሥር ያለው ማስተላለፊያ በቆሻሻና በግንድ ከተደፈነ ውሃው መንገዱን ቆርጦ ይሄዳል። ግንቦት ላይ በግማሽ ቀን ሥራ የሚጸዳ ነገር፣ ነሐሴ ላይ በሚሊዮን ብር አይመለስም።

ሦስተኛ፣ ከልክ በላይ መጫን። የብረቱና የኮንክሪቱ ድካም በአንድ ቀን አይታይም። ዛሬ የተሻገረ መኪና ሁሉ ትንሽ ትንሽ ያደክመዋል፣ ከልኩ በላይ የጫነው ደግሞ እጅግ ይብሳል። በተለይ ዕድሜ ጠገብ ድልድዮች ላይ።

አብሽሩ፣ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ድልድይ ጥግ ላይ አዲስ ስንጥቅ ወይም ባዶ የቀረ መሠረት ካያችሁ ፎቶ አንስታችሁ ለወረዳው መንገድ ጽሕፈት ቤት ወይም ለቀበሌ ማሳወቅ ብቻውን ሥራ ነው። የባህር ዳሩ ድልድይ ምርቃቱን በቴሌቪዥን አይተንለታል። የእኛዎቹን ማንም ካሜራ ይዞ አይመጣላቸውም፣ የሚያዩዋቸው የሚያልፉባቸው ሰዎች ብቻ ናቸው።